ለመብራት የሚሆነው የትኛው እንጨት ነው? የይፋት ቆላ የኃይል ዳሰሳ

በደሴ መንገድ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በይፋት በሚገኘው የሸዋ ሮቢት ቆላ ማሾ፣ ማሽላና ሽንኩርት ይመረታል። ግራሩ ደግሞ ማገዶና ከሰል እየሆነ ይመናመናል። ከኤሌክትሪክ መስመር ለራቁ መንደሮች እንጨት መብራት ሊያመነጭ ይችላል። የሚከብደው እንጨቱን ማግኘቱ ነው።

ለትንሽ መንደር የሚስማማው ዘዴ እንጨትን ወደ ጋዝ መለወጥ ነው። የተቆራረጠ ደረቅ እንጨት በተዘጋ ምድጃ ውስጥ አየር ተቆጥቦለት ሲግል የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ቀዝቅዞና ተጣርቶ ሞተር ያስነሣል፤ ሞተሩም ጄኔሬተር ያዞራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነዳጅ ሲጠፋ በአውሮፓ ብዙ መኪኖች የተነዱት በዚሁ ጋዝ ነበር። እንጨቱ እርጥብ ከሆነ ግን ዝፍት ይበዛና ሞተሩን ያበላሻል።

አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ለማመንጨት ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ግራም ደረቅ እንጨት ያስፈልጋል። 20 ኪሎ ዋት የሚያመነጭ ሞተር በቀን 6 ሰዓት ቢሠራ በዓመት ከ44 እስከ 66 ቶን ይፈጃል። ይህ ከግራሩ ከተቆረጠ መብራቱ ቆላውን ያራቁታል።

የሚታሰበው አማራጭ ፕሮሶፒስ ነው። በ1970ዎቹ በአዋሽ ሸለቆ የተስፋፋው ይህ እሾሃማ ዛፍ በአጎራባች አፋር ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ወሯል። ፍሬውን ከብት ይበላዋል፤ ዘሩም በፋንድያ ይዛመታል። ከላይ ብቻ ከተቆረጠ ደግሞ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ስለዚህ ማገዶ ማድረጉ ብቻ አያጠፋውም። በኬንያ ባሪንጎ በዚሁ ዛፍ 12 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የታቀደው ፕሮጀክትም እንደታሰበው አልዘለቀም። በአንጻሩ እንደ ወንጂና መተሐራ ያሉ ስኳር ፋብሪካዎቻችን የሸንኮራውን ጭማቂ ጨምቀው የሚቀረውን አገዳ አንድደው ኃይል ያመነጫሉ፤ ማገዶው እዚያው በራፋቸው ላይ ነውና።

ለይፋት የሚበጀው ሥራን መከፋፈል ይመስለኛል። አምፖልና ስልክ ለፀሐይ ኃይል ይተዉ። የእንጨት ጋዝ ብዙ ኃይል ለሚጠይቁት ለወፍጮና ለመስኖ ፓምፕ ይዋል፤ ማገዶውም ከሥሩ ከሚነቀል ፕሮሶፒስና ከሚገረዝ ቅርንጫፍ ይምጣ። የእንጨት ጋዝ ጣቢያው ግን እንጨት መግዛት ሲጀምር የማገዶ ዋጋ ይወደዳል፤ ዕዳው የሚወድቀውም ማገዶ ለቅማ በምታበስለው ሴት ላይ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ከመገዛቱ በፊት ማን፣ ከየት፣ ምን ያህል ይቆርጣል የሚለውን ቀበሌው እነዚህን ሴቶች ይዞ ይወስን።