«እርምጃ ተወሰደባቸው»፤ ማን ወሰደ?



እኔ መሐንዲስ ነኝ። ቀኑን ከቁጥር ጋር ስታገል ውዬ ልጆች ከተኙ በኋላ ነው ብዕር የማነሳው፤ ስለዚህ የቋንቋ ሊቅ አድርጋችሁ አትዩኝ። ይህን ጽሑፍ ያስጀመሩኝ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ አዛውንት ናቸው። በቀይ ሽብር ጊዜ ታስረውና ተገርፈው በተአምር የተረፉ ሰው ናቸው። ለአንድ የመታሰቢያ ዝግጅት አምስት ደቂቃ እንዲናገሩ ተጠየቁና በእጃቸው የጻፉትን አንድ ገጽ ይዘው ፌርፋክስ ላይ ቡና ወደምንጠጣበት ቤት መጡ። «ይህን በኮምፒዩተር ጻፍልኝ፤ ስህተት ካለውም አርመው» አሉኝ።

የፊደል ስህተት አልነበረውም። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ያጎደለው ሰው ነበር። «ወጣቶች ተለቀሙ፣ ታሰሩ፣ ተገረፉ፣ አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደባቸው» ይላል። ማን ለቀመ? ማን ገረፈ? አማርኛችን በአንዲት «ተ» አድራጊውን ከዓረፍተ ነገሩ ማስወጣት ይችላል፤ ደርግም ይህችን «ተ» በደንብ ያውቃት ነበር። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. አብዮት አደባባይ ላይ ደም የመሰለ ፈሳሽ የሞሉ ጠርሙሶችን የከሰከሰው በሕዝብ ፊት ነው። ከዚያ በኋላ በየቀበሌውና በየከፍተኛው የሆነው ግን በራዲዮና በጋዜጣ «ተወሰደባቸው» ሆኖ ወጣ። ሟቹ «አናርኪስት» ይባላል፤ ገዳዩ የለም፤ እርምጃው ራሱ እግር አውጥቶ የሄደ ይመስላል። ጋሼ ከ40 ዓመት በላይ ቆይተውም ሳያውቁት የሚጽፉት በገራፊዎቻቸው ሰዋስው ነው።

በቃል ሲያወሩ ደግሞ ሌላ ነው። «ትገረፋለህ፣ ውሃ ይደፉብሃል፣ ትነቃለህ» ይላሉ። «አንተ» የተባልኩት እኔ አይደለሁም፤ እሳቸው ናቸው። «እኔ» ማለት ሲከብድ ሕመሙን ግማሹን አድማጩ ይሸከመዋል።

ለማረም ድፍረት አጣሁ። ሌሎች እንዴት ይናገራሉ ብዬ ወደ ጎረቤቶቻችን ዞርኩ። ፌርፋክስ «ሊትል ኢትዮጵያ» የሚለውን ስም በ2002 ከማግኘታችን ብዙ አስቀድሞ የአይሁዶች ጎዳና ነበር። ከምግብ ቤቶቻችን ወደ ሰሜን ጥቂት ደቂቃ ሲነዳ ፓን ፓሲፊክ ፓርክ ይገኛል፤ የሎስ አንጀለስ የሆሎኮስት ሙዚየም ሕንጻ እዚያ የተከፈተው በ2010 ነው፤ በአጋጣሚ መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየምም የተከፈተው በዚያው ዓመት ነው። የሎስ አንጀለሱን ተቋም በ1961 የመሠረቱት ከእልቂቱ ተርፈው ሆሊውድ ሃይስኩል እንግሊዝኛ ሲማሩ የተገናኙ ሰዎች ናቸው። እንደ ብዙዎቻችን፣ በተሰበረ እንግሊዝኛ ነው የጀመሩት።

በመጨረሻ የያዝኩት ግን ኤሊ ቪዘል አፕሪል 12 ቀን 1999 ዋይት ሐውስ ውስጥ ስለ ግድየለሽነት ያደረጉትን ንግግር ነው። አጀማመሩ «እኔ» የለበትም። ከ54 ዓመት በፊት በዛሬዋ ቀን፣ በካርፓቲያን ተራሮች ካለች ትንሽ ከተማ የመጣ አንድ አይሁዳዊ ልጅ ቡኸንቫልድ በሚባል ቦታ እንደነቃ ይተርካሉ። ልጁ ራሳቸው ናቸው፤ ያኔ 16 ዓመታቸው ነበር። ጋሼ «አንተ» ሲሉ የሚሸሹትን፣ ቪዘል «እሱ» ብለው ፊታቸው ያቆሙታል። መድረኩ ላይ የ70 ዓመቱ የኖቤል ተሸላሚና ያ ልጅ ሁለት ሆነው ይቆማሉ፤ ንግግሩ ሲያልቅም ሽማግሌው ልጁን ይዞ ወደ አዲሱ ክፍለ ዘመን ይሻገራል።

እንደ ሙያዬ ቀኑን አሰላሁት። ካምፑ ነጻ የወጣው አፕሪል 11 ቀን 1945 ነው፤ አንድ ቀን ይተርፋል። ነገር ግን ልጁ ነቃ ነው የተባለው፤ የነጻነቱ የመጀመሪያ ጠዋት ነው ብዬ ተረዳሁት። ያቺ 12 ቁጥር ደግሞ ኋላ ላይ ትመለሳለች። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የሞቱት በዚያችው ቀን፣ አፕሪል 12 ቀን 1945 ነውና።

የንግግሩ ጉልበት እዚህ ነው። ቪዘል መጀመሪያ ያመሰግናሉ፤ ነጻ ያወጧቸውን ወታደሮች፣ የጋበዟቸውን ባለቤቶች። ሩዝቬልትንም ሕዝባቸውን ለጦርነቱ ያነሳሱ መሪ ብለው ያከብራሉ። ቀጥሎ ሴንት ሉዊስ የምትባለው መርከብ ትመጣለች፤ በ1939 ከ900 በላይ ተሳፋሪዎችን፣ አብዛኞቹን አይሁዶች፣ ጭና አሜሪካ ዳርቻ ከደረሰች በኋላ ወደ አውሮፓ እንድትመለስ ሆነች። ለምን? ይላሉ ቪዘል። ይጠይቃሉ፤ ይወቅሳሉም። ይህ አካሄድ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ አባቶቻችንም ለንጉሥ አቤት ሲሉ መጀመሪያ ዕድሜ ይለምናሉ፣ ያመሰግናሉ፣ በደሉን በኋላ ያወርዱታል። ቪዘል ግን ይህን ያደረጉት የተጠሪው ሰው በኖሩበት ቤት፣ በሞቱበት ዕለት፣ በስም ጠርተው ነው።

ያልወደድኩትም ክፍል አለ። የሃያኛውን ክፍለ ዘመን ደም መፋሰስ ሲቆጥሩ ከሩዋንዳ ቀጥለው፣ ሳራዬቮ ሳይደርሱ፣ ኤርትራና ኢትዮጵያን ያነሳሉ። ያን ጊዜ የባድማው ጦርነት አላበቃም። ስማችን እዚያ ቤት መጠራቱ አስደነገጠኝ፤ ግን ትንፋሽ ሳይሞላ አለፈ። ለሌላው አድማጭ ሁለት የአገር ስሞች ናቸው፤ የካርፓቲያኑን ልጅ ግን ማንም አይረሳውም። አንድ ልጅ ከአሥር አገር ይበልጥ ይመዝናል።

ደግሞም ግድየለሽነት የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ፈትተው፣ ልዩነት አለማየት መሆኑን ያሳያሉ። የእኛው ቃል ሲፈታ የባሰ ነው። «ግድ የለም» ያዘነን ሰው የምናጽናናበት ነው። ጋሼ ሌሊት የሚያዩትን ሕልም ሲያነሱ ስንት ጊዜ «ግድ የለም ጋሼ፣ አለፈ» ብያቸዋለሁ። ማጽናናቴ ነበር፤ ግን ከዚያ በኋላ ቀጥለው አያውቁም።

ስም መጥራት በእኛም ዘንድ ተደርጓል። እጅጋየሁ ታዬ በ1969–70 ዓ.ም. ያሰቃዩአትን የከፍተኛ 9 ሊቀመንበር ቀልቤሳ ነገዎን አትላንታ ውስጥ እሷ በምትሠራበት ሆቴል ተቀጥረው አገኘቻቸው። ከኤልሳቤጥ ደምሴና ከሒሩት አበበ ጅሪ ጋር በ1990 ከሰሰቻቸው፤ በ1993 ፍርድ ቤቱ ለእያንዳንዳቸው 500,000 ዶላር ካሣ ፈረደ፤ ሰውየው በ2006 ወደ ኢትዮጵያ ተባረሩ። ፍርድ ቤት «ተገረፍኩ» ስትሉት «ማን?» ይላል። ሦስቱ ሴቶች ያችን «ተ» ያራገፏት በመሐላ ቃል ነው።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ በጋሼ ገጽ ላይ በየ«ተ»ዋ አጠገብ በእርሳስ «ማን?» ብዬ ጽፌ መለስኩላቸው። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው አዩት።

«ልጄ» አሉ በመጨረሻ፤ «የአንደኛው ሴት ልጅ እዚሁ ከተማ ናት። ባለቤቴ ስታርፍ ንፍሮ ቀቅላ ያመጣችው እሷ ናት። አባቷ ምን እንደነበረ የምታውቅ አይመስለኝም።»

መልስ አልነበረኝም። ሩዝቬልት ከሞቱ 54 ዓመታቸው ነበር፤ ቪዘልን ንፍሮ ይዞ የጠየቃቸው ዘመዳቸውም የለም።

ጋሼ እርሳሱን ተቀበሉኝ። «ተገረፉ»ን ሰርዘው «ገረፉን» አሉት፤ ቀጥለውም ያንንም ሰርዘው «ገረፈኝ» ብለው ጻፉ። ከፊቱ ለአንድ ስም የሚበቃ ባዶ ቦታ ተዉ። ስተይብ ልሙላው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እንደዚያው ተወው።»

ዝግጅቱ ላይ ባዶዋ ቦታ ሲደርሱ ቆሙ። ሰዓቴን አላየሁም፤ ረጅም ነበር። ከዚያ ውሃ ተጎነጩና ቀጠሉ።