ከድንች በፊት ምን ይበሉ ነበር? ስለ አየርላንድ የምግብ ታሪክ አጥኚዎች ተረትና እውነታ

አየርላንድ ስትነሣ አብዛኛው ሰው ትዝ የሚለው ድንችና ረሃብ ነው። የዚያችን ደሴት የምግብ ባህል ማጥናት ሙያቸው ያደረጉ የታሪክ ሰዎች እንዳሉ ሲሰማም «ከድንች ሌላ ምን የሚጠና አላቸው?» ይላል። የሙያው አስፈላጊነት የሚታየው እዚሁ ጥያቄ ላይ ነው። እነዚህ ባለሙያዎች ሌላው ዓለም ብቻ ሳይሆን አየርላንዳውያን ራሳቸው ስለ ማዕዳቸው የሚያምኑትን ተረት በመረጃ ይፈትሻሉ። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ትልቁ ተረት አየርላንዳውያን ከጥንት ጀምሮ ድንች በሊታ ነበሩ የሚለው ነው። ድንች የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ተክል ነው። አየርላንድ የደረሰው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ሲሆን የድሃው ሕዝብ ዋና ቀለብ እስኪሆን ደግሞ ብዙ ጊዜ ወስዷል። የአየርላንድ ብሔራዊ ሙዚየም ዳይሬክተር የነበሩት ኤ. ቲ. ሉካስ በ1960 ባሳተሙት ጥናት ከዚያ በፊት የነበረውን ማዕድ ዘርዝረው አሳይተዋል፦ ወተት፣ ቅቤ፣ አይብ፣ ከአጃና ከገብስ የሚሠራ ገንፎና ቂጣ። የላም አገር ነበረች ማለት ነው። በረግረግ መሬት ተቀብሮ የተገኘ ቅቤ አለ፤ የአንዳንዱ ዕድሜ ከ3,000 ዓመት ይበልጣል። የመካከለኛው ዘመን የሕግ ጽሑፎች ደግሞ በሰው ቤት የሚያድግ ልጅ ገንፎውን በምን እንደሚበላ ሳይቀር በአባቱ ማዕረግ ይደነግጋሉ። ለተራው ሰው ልጅ ጨው የገባበት ቅቤ፣ ለመኳንንት ልጅ ትኩስ ቅቤ፣ ለንጉሥ ልጅ ማር። ይህን ያነበበ ሰው አየርላንድን ከድንች ጋር ብቻ አያይዞ ማሰብ ይከብደዋል።

ረሃቡ የመጣው አገሪቱ ውስጥ ምግብ ስላልነበረ ነው የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። ከ1845 ጀምሮ በሽታ ድንቹን አበሰበሰው፤ እስከ 1852 ድረስ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፣ ሌላ አንድ ሚሊዮን ያህል ተሰደደ። በ1841 ቆጠራ ከስምንት ሚሊዮን በላይ የነበረው ሕዝብ በ1851 ወደ 6.5 ሚሊዮን ወረደ። በእነዚያው ዓመታት ግን አጃ፣ ቅቤና ከብት ከአየርላንድ ወደቦች ወደ ብሪታንያ ይጫን ነበር። ጭሰኛው እህሉንና ከብቱን ሽጦ የመሬት ኪራይ ይከፍላል፣ ራሱ በድንች ያድራል። ድንቹ ሲጠፋ ሌላ እህል የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም። በ1847 ብዙ በቆሎ ከውጭ ቢገባም ለብዙዎች አልደረሰላቸውም። የምግብ ታሪክ አጥኚ የወደብ መዝገብና የኪራይ ደብተር የሚያገላብጠው ማን ምን አመረተ፣ ማን ምን በላ፣ ማንስ ሸጦ ጦሙን አደረ የሚለውን ለይቶ ለማወቅ ነው። በ1977 ዓ.ም. (ይህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) በረሃብ ስሟ በዓለም ለተዳረሰ አገር ልጆች ይህ ጥያቄ ባዕድ አይደለም። ያኔ ሙዚቀኞችን አስተባብሮ ለኢትዮጵያ እርዳታ ያሰባሰበው ቦብ ጌልዶፍም አየርላንዳዊ ነው። አንድ ሕዝብ በረሃቡ ብቻ ሲታወቅ የማዕዱ ታሪክ እንደሚደበቅበት እኛም እናውቃለን፤ ስለዚህ የእነዚህን ሰዎች ሥራ በአክብሮት አየዋለሁ።

«የድሃ ምግብ ማን መዘገበው?» የሚሉም አሉ። በ1937 እና በ1939 መካከል በአየርላንድ የገጠር ትምህርት ቤቶች ልጆች አያቶቻቸውንና ጎረቤቶቻቸውን እየጠየቁ የድሮውን ኑሮ በደብተር ጽፈዋል። ከርዕሶቹ መካከል የቀድሞው ዘመን ምግብና ዳቦ ይገኙበታል። ወደ 50,000 የሚጠጉ ልጆች የተሳተፉበት ይህ ስብስብ ዛሬ በደብሊን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ይጠበቃል። የባለጸጎች ቤት የእጅ ጽሑፍ የምግብ አዘገጃጀት ደብተሮች በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አሉ። ጽሑፍ ባልነበረበት ዘመን በተሠራ የሸክላ ስባሪ ላይ የቀረ ስብ ደግሞ በቤተ ሙከራ ሲመረመር ወተት ይያዝበት እንደነበር ይናገራል።

በአየርላንዳውያን በዓል ስለሚነሡት ሁለት ምግቦች ብዙ ማለት አያስፈልግም። በሶዳና በአሬራ የሚጋገረው ታዋቂ ዳቦ ጥንታዊ አይደለም፤ የመጋገሪያ ሶዳ የተስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በጨው የታሸ ፍርምባ ከጥቅል ጎመን ጋር መብላት ደግሞ በአሜሪካ የሰፈሩ ስደተኞች ልማድ ነው። በአገር ቤት ከጎመኑ ጋር የሚቀርበው የአሳማ ሥጋ ነው። ከኮርክ ወደብ ጨዋማ የበሬ ሥጋ በብዛት ይወጣ የነበረ ቢሆንም ለመርከበኞችና ለቅኝ ግዛቶች ነበር።

ሌላው የተሳሳተ ግምት አጥኚው ወጥ ሠሪ ነው የሚለው ነው። አንዳንዱ በእርግጥ ከማድ ቤት መጥቷል። ማርቲን ማክ ኮን ኡምራ ሼፍ ሆነው ከሠሩ በኋላ የደብሊን ምግብ ቤቶችን ታሪክ አጥንተው በ2009 ዶክትሬታቸውን አገኙ፤ አስተናጋጆችንና ወጥ ቤቶችን እያነጋገሩ ትዝታቸውን ቀድተዋል። ሌስሊ ክላርክሰን ግን የኢኮኖሚ ታሪክ ምሁር ነበሩ፤ በ2001 ከማርጋሬት ክሮፎርድ ጋር ከ1500 እስከ 1920 ያለውን የአየርላንድ ምግብና የሰውነት ጤና የሚተርክ መጽሐፍ አሳትመዋል። መንገዱ አንድ አይደለም።

ሙያው እንጀራ አይሆንም የሚለውስ? ሬጂና ሴክስተን በኮርክ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የምግብ ታሪክ ያስተምራሉ፤ የደብሊን ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም በዘርፉ ማስተርስ ይሰጣል። ከ2012 ጀምሮ በደብሊን የምግብ ጥናት ጉባኤ ይካሄዳል፤ በ2024 ደግሞ ማክ ኮን ኡምራና ዶሮቲ ካሽማን ያዘጋጁትን ትልቅ የአየርላንድ ምግብ ታሪክ መጽሐፍ የአየርላንድ ሮያል አካዳሚ አሳትሞታል። ያም ሆኖ በዚህ ዘርፍ የሚያስተምሩ ተቋማት ብዙ ስላልሆኑ ብዙዎች ማስተማሩን ከመጻፍና ሙዚየሞችን ከማማከር ጋር ያጣምራሉ። ሙያውን የሚመኝ ወጣት ድስቱን ከመጣዱ በፊት የጥንቱን አይሪሽ ቋንቋ፣ የእጅ ጽሑፍ ንባብንና የሒሳብ መዝገብ ማገላበጥን ይማር።