የሰርጎ ገብ ዱካ

የኮምፒውተር መረብን ሰብሮ የሚገባ ሰው ዱካ ትቶ ይሄዳል። ዱካውን ሳያበላሹ ሰብስቦ ማን፣ መቼና በየት በኩል እንደገባ ማሳየት የዲጂታል ፎረንሲክስ ሥራ ነው። በኢትዮጵያ ዋናው የሕግ መሠረቱ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ነው። አዋጁ አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታን (ማን ከማን ጋር መቼ እንደተገናኘ የሚያሳየውን መረጃ) ቢያንስ ለ1 ዓመት እንዲያቆዩ ያስገድዳል፤ ሰርጎ መግባቱ ብዙ ጊዜ ከወራት በኋላ ስለሚታወቅ ለመርማሪ ትልቅ ነገር ነው።

ሥራው የሚጀምረው ማሽኑን ባለማጥፋት ነው፤ ራም ላይ ያለው መረጃ ኃይል ሲቋረጥ ይጠፋልና። ቀጥሎ ሃርድ ዲስኩ ቢት በቢት ይገለበጣል፣ የዋናውና የቅጂው ሃሽ (ዲጂታል አሻራ) ይመሳከራል፣ ከዚያ ሎግ (ኮምፒውተሩ የሠራውን ከነሰዓቱ የሚይዝበት መዝገብ) ይነበባል። እዚህ ላይ የአገራችን የሰዓት አቆጣጠር የራሱ ጣጣ አለው። ቢቸና ውስጥ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩ በራሱ ተነሣ» ቢል፣ በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት፣ የሚመዘግብ ሰርቨር ያንኑ ደቂቃ ያለፈው ቀን 23፡00 ብሎ ይይዘዋል። ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ቅየራው ካልተጻፈ ምስክሩና ሎጉ የሚቃረኑ ይመስላሉ።

ምርመራ ጥቃት አለመኖሩንም ይለያል፤ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ወደ 801 ሚሊዮን ብር ሲወጣ ባንኩ ምክንያቱ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን የሲስተም ችግር መሆኑን አስታውቋል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ደግሞ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ ከሕዳሴው ግድብ ጋር የተያያዘ፣ ከግብፅ የተነሣ ጥቃት ማክሸፉን ገልጿል።

ከሁሉም አስተማሪው ግን «ኪዳኔ» በሚል የብዕር ስም ክስ የመሠረተው የሜሪላንድ ነዋሪ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ጉዳይ ነው። በ2005 ዓ.ም. ኮምፒውተሩ ውስጥ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር ተገኘ፤ የገባው ከኢሜይል ጋር በተላከ የወርድ ሰነድ ነው። የስካይፕ ንግግሮቹ የተቀዱበት ዱካ ዲስኩ ላይ ቀርቶ ነበር። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲትዝን ላብ በመጋቢት 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ የፊንስፓይ ሰርቨርን ካጋለጠ ከ5 ቀን በኋላ የኪዳኔ ማሽን ላይ የነበረው ስለላ መቆሙንም ክሱ ያስረዳል። የቀኖቹ መገጣጠም ብርቱ ማስረጃ ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥት የሉዓላዊነት ከለላ አለኝ ብሎ ተከራከረ። የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ድርጊቱ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ አልተፈጸመም በማለት የክሱን መሰረዝ አጸና፤ የዲስኩ ዱካ በችሎት ሳይመረመር መዝገቡ ተዘጋ።