አንድ ገበሬ በሦስት ስም

ከአዲስ አበባ በሞጆ በኩል ወደ ሐዋሳ የሚወስደውን አውራ ጎዳና ይዞ ለሚጓዝ መንገደኛ፣ አርሲ ነገሌ የላንጋኖን ሐይቅ አልፎ ሻሸመኔ ሳይደርስ የሚያገኛት ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው ገበሬ ስንዴና በቆሎውን ሸምቶና ሸጦ የሚመለሰው ከገበያዋ ነው። የከተማይቱ ስም ራሱ በሰነድ ላይ ወጥ አይደለም። በቀድሞ ወረቀት «አሩሲ ነገሌ»፣ በኋለኛው «አርሲ ነጌሌ» ተብላ ትገኛለች፤ አንዳንዴም ከቦረናዋ ነገሌ ጋር ትምታታለች። በደርግ ዘመን በሸዋ ክፍለ ሀገር በሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ ሥር ነበረች፤ ከዚያ በኋላ በምሥራቅ ሸዋ ዞን፣ በአሁኑ ጊዜ ደግሞ በምዕራብ አርሲ ዞን ትተዳደራለች። በመሆኑም ከአንድ መንደር ሳይነቃነቁ የኖሩ አያት፣ አባትና ልጅ የትውልድ ስፍራቸው በሦስት ልዩ ልዩ አስተዳደር ተጽፎ ቢገኝ የሚያስገርም አይሆንም።

የቦታውስ ይሁን፤ የከፋው የሰው ስም ሲለያይ ነው።

እንደሚታወቀው በገጠሩ ሕዝብ ዘንድ ሰው የሚለየው በራሱና በአባቱ ስም፣ ሲያስፈልግም በአያቱ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለእያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ያሰበ ቢሆንም፣ ሐሳቡ በሕዝቡ ውስጥ አልሠረጸም። ያው ሕግ ስለ ልደት፣ ጋብቻና ሞት መዝገብ በዝርዝር ቢደነግግም፣ መዝገቡ ሥራ የሚጀምርበት ቀን ወደፊት በትእዛዝ እንዲገለጽ ተብሎ ቆየ። በአገር አቀፍ ደረጃ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ ማለትም ከ56 ዓመት በኋላ። እስከዚያ ድረስ የገበሬው ስም የተቀመጠው ብዕር በያዘው ሰው ጆሮ ላይ ነበር ማለት ይቻላል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታውጆ፣ በትንሹ በ20 ጋሻ ወይም በ800 ሄክታር ላይ የገበሬ ማኅበራት ሲቋቋሙ፣ የማኅበሩ ጸሐፊ የአባላቱን ስም እንደሰማው በአማርኛ መዘገበ። የግብር ደረሰኙም በዚያው ተከተለ። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በኦሮሚያ የመሥሪያ ቤት ጽሕፈት በቁቤ ሆነ፤ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተርም በዚሁ ተጻፈ። አሁን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው ብሔራዊ መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ የነዋሪውን ስም በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይዞ መጥቷል። ሰውየው አንድ ነው፤ የተጻፈው ግን በሦስት ዓይነት ሥርዓት ነው።

ልዩነቱ ቀላል ይመስላል። በቁቤ የ«ጨ» ድምፅ የሚጻፈው በላቲኑ «ሲ» ነው። ጫላ የተባለ ገበሬ ደብተሩን ይዞ ከተማ ሲወርድ፣ በእንግሊዝኛ ልማድ የሚያነብ ጸሐፊ ስሙን «ካላ» ብሎ ሊጠራው ይችላል። የ«ጠ» ድምፅ በቁቤ «ኤክስ» ነው፤ በእንግሊዝኛው አጻጻፍ ግን «ቲ» ይሆናል። በቁቤ የሚረዝመው አናባቢ ፊደሉ ተደግሞ ስለሚጻፍ፣ ቱሉ የሚለው አጭር ስም እንኳ በሁለቱ ወረቀቶች ላይ የፊደሉ ብዛት እኩል አይመጣም። አማርኛ ጭራሽ የሌለው ድምፅም አለ። በአርሲ ያለችውን የዴራን ከተማ ባላገሩ ሲጠራት የመጀመሪያው ድምፅ እንደ አማርኛው «ደ» አይደለም፤ የአማርኛ ጸሐፊ ግን ሌላ ምርጫ የለውም።

በእስላም ስሞችም ያው ነው። መሐመድ፣ ሙሐመድ፣ መሀመድ፤ ሁሴን፣ ሑሴን። ሐጅ ደርሶ የተመለሰውን ሰው ጎረቤቱ «ሐጂ» እያለ ሲያከብረው፣ ማዕረጉ ከስሙ ተጣብቆ ደረሰኝ ላይ ሊገባ ይችላል። በክርስቲያኑም በኩል የክርስትና ስምና የዓለም ስም አለ። በብዙ የአገራችን ክፍል ደግሞ ሙሽራ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች፤ መንደሩም በዚያው ይጠራታል።

ይህ የኋለኛው በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። በቀድሞው የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 456/1997ም ሆነ በኦሮሚያው አዋጅ ቁጥር 130/1999 ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ማረጋገጫ በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ ታዝዞ ነበር። ሴትዮዋ በደብተሩ ላይ በአማቷ ባወጣችላት ስም፣ በመታወቂያዋ ላይ አባቷ ባወጣላት ስም ብትገኝ፣ ባሏ በሕይወት ሳለ የሚጠይቃት የለም። ባሏ የሞተ ዕለት ግን ድርሻዋን የሚመኝ ወንድም ወይም የእንጀራ ልጅ «ደብተሩ ላይ ያለችው ሌላ ናት» ለማለት በሩ ክፍት ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ ገበሬ በግብር ደረሰኙ «ሐጂ መሐመድ ጫላ»፣ በደብተሩ «መሃመድ ጫላ ቱሉ»፣ በፋይዳው «ሙሐመድ ቻላ» ቢሆን፣ በመንደሩ ማንም አይሳሳተውም። ልጁ ውርስ ሊያዛውር ወረዳ ሲሄድ ግን አባቱ ሦስት ሰው ሆኖ ይቆየዋል። ምስክር ይዞ ይመላለሳል፤ የምስክሩን የመኪናና የምሳ ይከፍላል፤ ይህም በእርሻ ወራት ከሆነ በሬው ሳይጠመድ ይውላል። አዲሱ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ገበሬው የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና እንዲያሲዝ ስለፈቀደ፣ ከእንግዲህ ስሙን ፊደል በፊደል የሚያመሳክረው አበዳሪም ጭምር ይሆናል። እውነቱን ለመናገር፣ ከሦስቱ ስሞች አንዱንም ገበሬው አልጻፈም፤ «ስምህን አስተካክለህ ና» የሚባለው ግን እርሱ ነው።

ሕዝቡ ዛሬም ገበሬ ማኅበር እያለ የሚጠራው የገጠር ቀበሌ መሪዎች እዚህ ላይ ብዙ መሥራት ይችላሉ። ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚባባሰው በቀበሌው የድጋፍ ደብዳቤ ነው። ጸሐፊው ደብተሩን ሳይገልጥ እንደለመደው ሲጽፍ አራተኛ ስም ይፈጥራል። ደብዳቤው ሊረዳ የሚችለው በየሰነዱ ላይ ያለውን አጻጻፍ አንድም ፊደል ሳይለውጥ ጠቅሶ፣ የሰነዱን ቁጥር አክሎ፣ የአንድ ሰው መሆኑን ሲያረጋግጥ ነው። የፋይዳው ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ከጣት አሻራና ከዓይን ብሌን ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ስሙ ቢዛባ እንኳ ሰውየውን ይለያልና እርሱንም መጥቀስ ይበጃል። ልዩነቱ የፊደል ሳይሆን የስም ከሆነ፣ ወይም የአባት ስም ጭራሽ ሌላ ከሆነ ግን የቀበሌ ማኅተም አይበቃም፤ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ አለበት። ይህም ባለስሙና የሚያውቁት ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ቢሆን ይሻላል፤ ከሞት በኋላ ምስክርም አብሮ ያልቃልና።

ሕፃን በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ ሲመዘገብም የአባቱ ስም ከአባቱ ሰነድ ላይ ታይቶ እንጂ በቃል ተጠይቆ ባይጻፍ መልካም ነው።

በካርታ የተደገፈው ሁለተኛው ደረጃ የመሬት ምዝገባ በሚካሄድበት ቀበሌ የባለይዞታዎች ስምና ማሳ ለሕዝብ እይታ ይለጠፋል። ሰው ሁሉ የሚሻማው ወሰኑን ለማየት ነው፤ ድንበሩ አለመገፋቱን አይቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ያን ዕለት ሊቀ መንበሩ ፊደል የቆጠረ አንድ ተማሪ ከሰሌዳው አጠገብ አቁሞ ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ፣ የሚስቱንም ጭምር፣ እየጮኸ ቢያስነብብ፣ ባለይዞታውም መታወቂያውን አውጥቶ ቢያስመሳክር፣ ስሕተቱ በእርሳስ ሊታረም የሚችለው ያኔ ነው።