የአሮጌ መኪና የዳሽቦርድ መብራትና የመለኪያዎች ቮልቴጅ አስተካካይ

ዘር የጫነ መኪና መንገድ ላይ ሲቆም የሚጎዳው ሾፌሩ ብቻ አይደለም። በሀብሩ ቆላማ ቀበሌዎች ለማሽላ መዝሪያ የሚበቃ እርጥበት ጥቂት ቀናት ብቻ ይቆያል። ከሲሪንቃ ወደ ጊራና የሚሄድ ዘር በዚያን ጊዜ ካልደረሰ ገበሬው ያገኘውን ለመዝራት ይገደዳል። ስለዚህ ስለ መኪና መጻፍ ከሥራችን የራቀ አይደለም።

ከ1971 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. የተሠራው ላንድሮቨር ሲሪስ 3ን በመሰሉ አሮጌ መኪናዎች የነዳጅና የሙቀት መለኪያዎች ኃይል የሚያገኙት በቀጥታ ከባትሪ አይደለም። ከዳሽቦርዱ ኋላ ያለች ትንሽ የቆርቆሮ ሳጥን የባትሪውን ቮልት ወደ 10 ቮልት ገደማ ታወርዳለች። በውስጧ ከሁለት ዓይነት ብረት የተጣበቀ ስስ ምላስ አለ። ሽቦ ተጠምጥሞበታል፤ ሲሞቅ ይታጠፍና ኃይሉን ይቆርጣል፣ ሲበርድ ተመልሶ ይገጥማል። በዚህ መቆራረጥ የሚገኘው አማካይ 10 ቮልት ስለሆነ የቮልት መለኪያ ሲያያዝባት ቀስቱ ቢወዛወዝ ብልሽት አይደለም።

ሳጥኗ የምትሠራው አካሏ ከመኪናው ማሳ ጋር በሚገባ ሲገናኝ ነው። የያዛት ብሎን ከዛገ ወይም ቀለም ከገባበት ምላሱ አይሞቅም፤ አይቆርጥምም። ያን ጊዜ ሙሉው የባትሪ ኃይል ያልፋል፤ ሁለቱም መለኪያዎች ከልክ በላይ ያሳያሉ። ሊያልቅ የደረሰ ነዳጅ የተረፈ ይመስላል። ምላሱ ተከፍቶ ከቀረ ደግሞ ሁለቱም ወደ ታች ይወድቃሉ። የሚያስፈራው ይኸኛው ነው፤ ሞተሩ እየፈላ ቀስቱ «ቀዝቃዛ» ላይ ይቀመጣል፤ ሾፌሩም ቴስታታው እስኪጣመም አያውቅም።

እንግዲህ ሾፌሩን መጠየቅ የሚገባው አንድ ነገር ነው፤ የተሳሳተው አንዱ መለኪያ ነው ወይስ ሁለቱ? ሁለቱ በአንድነት ከተሳሳቱ ሳጥኗ ወይም ማሳዋ ይመርመር። አንዱ ብቻ ከሆነ ከታንኩ ወይም ከሞተሩ የሚመጣው ሽቦ፣ አለዚያም ራሱ መለኪያው ነው። ይህን ሳይለዩ መለኪያ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ለጥገና መጀመሪያ ባትሪው ይፈታል። ሳጥኗ ወርዳ የተቀመጠችበት ብረት በብርጭቆ ወረቀት ይጸዳል፤ ስትመለስም እንደ ነበረች ትቀመጥ። ብዙውን ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል። ካልበቃ በኤሌክትሮኒክ የሚሠራ የ10 ቮልት አስተካካይ መተካት ይቻላል። ሆኖም በአንዳንድ ጥንታዊ ላንድሮቨሮች ከማሳ ጋር የታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ስለሆነ አስቀድሞ ይጣራ። መለኪያዎቹን ለሙከራ እንኳ በቀጥታ ከባትሪ ጋር ማገናኘት አይገባም፤ ይቃጠላሉ።

የመብራቱ መደብዘዝም አብዛኛውን ጊዜ ከማሳ የሚመጣ ነው። መብራቱ በርቶ ሳለ በአምፖሉ መያዣ ብረትና በባትሪው የማሳ ጫፍ መካከል ቮልት ይለካ፤ ከግማሽ ቮልት በላይ ከታየ ችግሩ እዚያ ነው። ሞተሩ መካከለኛ ፍጥነት ይዞ ሲሠራ በባትሪው ላይ 14 ቮልት ገደማ ካልተገኘ ግን ስለ አምፖል ከማሰብ በፊት ቺንጊያውና ዲናሞው ይታዩ። በ2.2 ዋት አምፖል ቦታ ትልቅ አምፖል መግጠም መያዣውን ያቀልጣል። ኤል.ኢ.ዲ. አምፖል ሙቀቱ አነስተኛ ስለሆነ የተሻለ ነው፤ ካልበራ ጫፎቹን አዙሮ መሞከር ነው። የባትሪ መሙያ ምልክት የሆነችው ቀይ መብራት ግን አትለወጥ። በብዙ መኪናዎች ዲናሞውን የሚያስነሳው በእርሷ በኩል የሚያልፈው ኃይል ስለሆነ፣ ኤል.ኢ.ዲ. ከተገጠመባት ባትሪው ሳይሞላ ሊቀር ይችላል።

ጥገናው እስኪፈጸም መለኪያው አይታመን። የነዳጁ መጠን ንጹሕ እንጨት ታንኩ ውስጥ በማስገባት ይታይ። ከመርሳ ወደ ደሴ ዳገት ከመውጣት፣ ወይም ከወልድያ ወደ ድልብ ከመነሳት በፊት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የራዲያተሩ ውኃ ይመርመር። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ክፍት ውኃ እዚያ በ92 ዲግሪ ግድም ይፈላል፤ የራዲያተሩ ክዳን ያረጀ መኪና ከቆላው ይልቅ ዳገቱ ላይ የሚፈላበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የፈላ ራዲያተር ሳይበርድ ክዳኑ አይከፈትም።