ጌን የድምፅ መጨመሪያ አይደለም

በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ከየአድባራቱ ድጓ የተማረ ደቀ መዝሙር እዚያ ወርዶ ዜማውን ያስመሰክራል። በዚያው አገር በነፋስ መውጫ በኩል ወደ ወልዲያ በሚዘልቀው መንገድ ላይ ግን ከብዙ መኪና የሚወጣው ድምፅ ያልተመሰከረለት ነው፤ ባሱ ይደልቃል፣ የዘፋኙ ቃል አይለይም። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የዕቃው አይደለም፤ አምፕሊፋየሩ ላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ መዞሪያዎች ያለ ልክ ስለተጠመዘዙ ነው።

አንዱ መዞሪያ ክሮስኦቨር ነው፤ ሥራ ያከፋፍላል። የማኅሌት ከበሮ ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፦ ሰፊው ፊት ወፍራሙን ድምፅ ይሰጣል፣ ጠባቡ ቀጭኑን፤ ጸናጽሉ ከሁለቱም በላይ ይሰማል። በር ላይ የተገጠመ ትንሽ ስፒከር ፍሪኩዌንሲው በግማሽ በወረደ ቁጥር ያንኑ ያህል ለመጮህ ወረቀቱ አራት እጥፍ መርገብገብ አለበት፤ ከ160 ወደ 40 ኸርዝ ሲወርድ አሥራ ስድስት እጥፍ ማለት ነው። ስለዚህ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ለሰብዉፈር፣ ከዚያ በላይ ያለውን ለበሩ ስፒከር መስጠት ጥሩ መነሻ ነው።

ሁለተኛው ጌን ነው፤ በጣም የሚበደለውም እሱ ነው። ቴፑ የሚልከው ሲግናል እንደየዓይነቱ 2 ወይም 4 ቮልት ሊሆን ይችላል፤ ጌን ይህንን ከአምፕሊፋየሩ አቅም ጋር ያስማማል እንጂ አቅም አይጨምርም። ከልኩ ሲያልፍ የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል። ጫፉ ፈጽሞ ጠፍጣፋ የሆነ ሞገድ፣ ከፍታው እኩል ከሆነው ንጹሕ ሞገድ እጥፍ ኃይል ይሸከማል፤ የስፒከሩ ጥቅል ሽቦ የሚቃጠለውም በዚህ ሙቀት ነው። ልኩን ለማግኘት ባስና ትሬብል ዜሮ ላይ ይደረጋሉ፣ ስፒከሩ ይነቀላል፣ የቴፑ ድምፅ ሦስት አራተኛ ላይ ሆኖ የ50 ኸርዝ ድምፅ ይለቀቃል፤ ከዚያ ቴስተር የአምፕሊፋየሩ መውጫ ላይ ተደርጎ ጌኑ ቀስ በቀስ ይጨመራል። በ4 ኦም 100 ዋት ለሚሰጥ የሰብዉፈር አምፕሊፋየር ቴስተሩ 20 ቮልት ሲያሳይ ማቆም ነው። የቤት መብራትም 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ መብራት የሚለካ ተራ ቴስተር ይበቃል።

«አምፕሊፋየሬ 1000 ዋት ተጽፎበታል፤ ለምን እቆጥባለሁ?» የሚል ይኖራል። ፊውዙን ይመልከት፦ 30 አምፒር ከሆነ በ14 ቮልት ከባትሪው ዘላቂ ሆኖ የሚስበው ወደ 420 ዋት ነው፤ የሚያወጣው ከዚያም ያንሳል። «ጆሮ እያለ ቴስተር ምን ያደርጋል?» የሚለው ክርክር የበለጠ ክብደት አለው፤ የመጨረሻው ዳኛ ጆሮ ነውና። ነገር ግን የሞተሩና የጎማው ጩኸት ወፍራሙን ድምፅ ስለሚሸፍን፣ የሚነዳ ሰው ሳያውቀው ባሱን ይጨምራል። ድጓም ቢሆን ለጆሮ ብቻ አልተተወም፤ ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ቅናት የሚባሉ ምልክቶች ከቃሉ በላይ ተጽፈውለታል። መምህሩ በጆሮው የሚመሰክረው ምልክቱ የሚለውን ካወቀ በኋላ ነው፤ የመኪናም ድምፅ መጀመሪያ ይለካ፣ ከዚያ ጆሮ ይመስክርለት።