የታመቀ ኦክሲጅንና የችፌ በሽታ

ችፌ ሰውን እምብዛም አይገድልም፤ እንቅልፍ ግን ይነሣል። ቆዳው ደርቆ ሲያሳክክ፣ ሲታከክም ሲቆስል ዓመታት ያልፋሉ። እንዲህ የተቸገረ ሰው «ይህ ያድንሃል» ቢሉት ለመሞከር ወደ ኋላ አይልም። ዛሬ በውጭ አገር ለችፌ ይበጃል ከሚባሉት ነገሮች አንዱ የታመቀ ኦክሲጅን ስለ ሆነ፣ ነገሩን መርምረን ለአንባቢያችን ማቅረብ ወደድን።

የምንተነፍሰው አየር ከመቶ 21 እጁ ኦክሲጅን ነው። በዚህ ሕክምና በሽተኛው ግፊቱ ከተለመደው ከ2 እስከ 3 እጥፍ ከፍ ባለ ዝግ ክፍል ውስጥ ሆኖ ንጹሕ ኦክሲጅን ይተነፍሳል። ግፊት በበረታ መጠን ጋዝ በፈሳሽ ውስጥ አብዝቶ ስለሚሟሟ፣ ደሙ ከወትሮው የበለጠ ኦክሲጅን ይሸከማል። የሆላንዱ ሐኪም ኢቴ ቡሬማ ቀይ የደም ሕዋሳቸው ከሞላ ጎደል የተቀነሰባቸው አሳሞች በዚህ ዘዴ በሕይወት መቆየታቸውን በ1960 እ.ኤ.አ. አስታውቀዋል።

ስለዚህ ሕክምናው ከንቱ ነው አይባልም። ከጥልቅ ባሕር በፍጥነት ወጥቶ በደሙ ውስጥ የጋዝ አረፋ ለተፈጠረበት ጠላቂ፣ በከሰል ጭስ ለታፈነ ሰው፣ በስኳር በሽታ ምክንያት አልድን ላለ የእግር ቁስል ይረዳል። ችፌ ግን የኦክሲጅን ማነስ የሚያመጣው በሽታ አይደለም። አጥር የሆነው የላይኛው ቆዳ ሲደክም እርጥበት ይወጣል፤ የሚያስቆጣ ነገር ይገባል፤ የሰውነት መከላከያም ከልክ በላይ ይነሣሣል። በአይጦች ላይ የተደረገ ሙከራ አለ፤ ከአይጥ እስከ ሰው ግን መንገዱ ሩቅ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን መሣሪያውን ለችፌ አልፈቀደም።

ታሪክም ያስተምረናል። ዶክተር ኦርቫል ካኒንግሃም በ1928 እ.ኤ.አ. በክሊቭላንድ ከተማ ባለ አምስት ፎቅ የብረት ሉል አሠርተው፣ የስኳር በሽታንና ነቀርሳን በታመቀ አየር እናድናለን ብለው ነበር። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ማስረጃ ቢጠይቃቸው አላቀረቡም፤ ሉሉም በ1942 ለጦርነቱ ብረት ሲባል ፈረሰ።

ጉዳቱም ቀላል አይደለም። ግፊቱ ጆሮን ይጎዳል፤ ንጹሕ ኦክሲጅን ባለበት ደግሞ ጥቂት ብልጭታ ትልቅ እሳት ይሆናል። በጥር 2025 እ.ኤ.አ. በሚሺጋን ግዛት የ5 ዓመት ልጅ በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ተቃጥሎ ሞቷል።

ችፌ ያለ መድኃኒትም አንድ ጊዜ ይነሣል፣ አንድ ጊዜ ይበርዳል። ስለዚህ «እኔን አሽሎኛል» የሚል ምስክር ብቻውን አይበቃም፤ ያልታከሙት ስንቱ ተሻላቸው ብሎ መጠየቅ ይገባል። ቆዳን የሚያለሰልስ ቅባትና ሐኪም የሚያዘው መድኃኒት በዚህ ጥያቄ ተፈትነው አልፈዋል። የተማረ ሰው አዲስ ነገርን አይንቅም፤ ገንዘቡንና ልጁን ከመስጠቱ በፊት ግን ማስረጃውን ይጠይቃል።